ለቪዛ የተሸጠልኝ መድን እርግዝናዬን አያውቀውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአርባ አራት ዓመቴ አርግዣለሁ። የወር አበባዬ ሲቀር ዕድሜው ደርሶ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ እህቴማ «እንኳን ተገላገልሽ» ብላኝ ነበር። ለደም ግፊት ምርመራ ስሄድ ግን ሐኪሟ አልትራሳውንድ ካላየሁ ብላ አስተኛችኝ፤ አየችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ባለቤቴ ሲሰማ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «የጀርመኑ ጉዞስ?» የሚል ነው። እኔንም ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ እርግዝናው ሳይሆን የጀርመኑ ጉዞ ነው፤ ለእርግዝናው ምስጋናዬን ለማን እንደማቀርብ አውቃለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ፍራንክፈርት አጠገብ ትኖራለች፤ እሷም ነፍሰ ጡር ነበረች። ስትወልድ አራስ ልጠብቅ፣ ገንፎ ላገነፋ፣ ሦስት ወር ያህል አብሬያት ልቆይ ተስማምተን ቪዛው ወጥቶ፣ ቲኬቱ ተቆርጦ፣ በሶውና አብሹ ተዘጋጅቶ ነበር። (ቅቤ ለመያዝ ያሰባችሁ እናቶች ተዉት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲይዝ አይፈቅዱም፤ እዚያው ገዝታችሁ አንጥሩት።) ልጅ ስትወልድ እናት ትጠብቃታለች፤ እናትና ልጅ አብረው ካረገዙ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን የሚነግረኝ ሽማግሌ አላገኘሁም። በስልክ ስነግራት መጀመሪያ «እማዬ፣ እየቀለድሽ ነው?» አለች፤ ቀጥላ እስኪበቃት ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ «ኢንሹራንስሽ ይህን ይሸፍናል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሼንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለውን) የጠየቀ ሁሉ እንደሚያውቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ማቅረብ ግዴታ ነው። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትንና ታሞ ወይም ሞቶ ወደ አገር መመለስን ማካተት አለበት። እኔም ገዝቻለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ስገዛ የውሉን ዝርዝር ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ ግን ስሜ፣ የፓስፖርት ቁጥሬ፣ 30,000 ዩሮ የሚል መስመርና ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ «ኤምባሲው የሚፈልገው ይህንን ብቻ ነው» ተባልኩ። ማርገዜን ካወቅኩ በኋላ ተመልሼ ስሄድ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት በፍጹም ትሕትና «እናቴ፣ ይህ እኮ ለቪዛው ነው» አለኝ።

ለቪዛው! እንግዲያውስ አረቦኑን (የመድኑን ክፍያ) የከፈልኩት የኤምባሲውን ፋይል ለማሟላት ከሆነ፣ ሰው አገር ላይ ብታመም የሚያሳክመኝ የቱ ወረቀት ነው?

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ከተከራከርኩ በኋላ ሙሉ ውሉ በኢሜል ደረሰኝ፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም መነጽሬን አድርጌም በጭንቅ በማነበው ፊደል። ከማይሸፈኑት ነገሮች መካከል እርግዝና፣ ወሊድ፣ ውርጃና ከእነዚህ የሚመጣ ማንኛውም ችግር ከጦርነትና ከፓራሹት ዝላይ ጋር ተደርድረው አገኘኋቸው። ድርጅቱን ስሙን ጠቅሼ አላማርርም፤ የጉዞ መድን በብዙ አገር እንዲሁ ነው። መድን የሚገዛው ላልታሰበ አደጋ ነው፤ ወሊድ ደግሞ ቀኑ የሚታወቅ ነገር ነው ይላሉ። አንዳንዱ ውል በእርግዝና ላይ ድንገት የሚመጣን ሕመም እስከ ተወሰነ ሳምንት ድረስ ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ውሉ ሲፈረም የነበረን እርግዝና ጨርሶ አይቀበልም። እርግዝና በሽታ ስላልሆነም «አርግዣለሁና ጉዞዬን ሰርዣለሁ» ብሎ ካሳ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አያስኬድም። ለቪዛ ብቻ የሚሸጠው ርካሽ መድንማ ከመጀመሪያውም ስለ ጉዞ መሰረዝ የሚለው ነገር የለም። አረቦኑም የሚመለሰው ቪዛ ከተከለከሉ ነው፤ ለእኔ ቪዛው ተሰጥቶኛል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ውሉ ውስጥ ያልተጻፈው ነው። ልጁ ያለጊዜው ቢወለድ፣ ማሞቂያ ክፍል ገብቶ ሳምንታት ቢቆይ፣ ያ ሁሉ ሒሳብ የሕፃኑ እንጂ የእኔ አይደለም፤ ሕፃኑ ደግሞ በመድኑ ላይ ስሙ የለም። ጀርመን ዘመድ የሚጋብዝ ሰው ብዙ ጊዜ በመሥሪያ ቤት ፊት ቀርቦ የእንግዳውን ወጪ፣ ሕክምናውን ጨምሮ፣ ልሸፍን ብሎ ይፈርማል። ልጄም ፈርማለች። እኔ አራሷን ልጠብቅ ሄጄ በአራስ ቤቷ የሆስፒታል ዕዳ ላሸክማት እችል ነበር ማለት ነው። ይህን የነገረኝ መድን ሻጭ አልነበረም፤ ራሷ ልጄ ናት።

«ታዲያ ጉዞውን ለምን አታስተላልፊውም?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ልጄ የምትወልድበትን ቀን ማስተላለፍ አይቻልማ! ቪዛውም ቢሆን ቀኑ ካለፈ አለፈ። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሠራሩን ካጠበቀ ወዲህ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጠንም። ከዚያው ዓመት ሰኔ ጀምሮ ክፍያው ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል። ቪዛ የማይጠየቅ አገር መንገደኛ ቲኬቱን ብቻ ይቀይራል፤ እኛ ቀን ስንቀይር ሰልፉን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

ስለዚህ መሄጃዬን ሳልነካ መመለሻዬን ቀደም ወዳለ ቀን አመጣሁት። ርካሽ ቲኬት ቀን ሲቀየርበት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዱ የመቀየሪያ ቅጣት ነው፣ ሌላው በአሮጌውና በአዲሱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት። ከቅጣቱ ልዩነቱ በለጠብኝ። ቲኬቱ በጉዞ ወኪል የተቆረጠ ከሆነ አየር መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ ወኪሉ ይመልሳችኋልና ጊዜ አታባክኑ። ሳያሳውቁ መቅረት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የመሄጃውን በረራ ያልተሳፈረ ሰው መመለሻውም ሊሰረዝበት ይችላል።

ሳምንቱን በሚመለከት አየር መንገዶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አብዛኞቹ አንድ ልጅ ያረገዘችን ጤነኛ ሴት እስከ 36ኛው ሳምንት፣ መንታ ከሆነ እስከ 32ኛው ይወስዳሉ፤ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ዕቅዴ ወደዚያው ወደ ገደቡ አፋፍ ያደርሰኝ ስለነበር ከ28ኛው በፊት አገሬ እንድገባ አደረግኩ። ዘመድ አዝማድ የሚፈራልኝ ሌላ ነገር ነበር፤ «እዚያ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፣ ለጽንሱ አይሆንም» ይሉኛል። ሐኪሜን ስጠይቃት ሳቀችብኝ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ቦታ ላይ እንዳለው ዓይነት ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። «አንቺ እኮ ዕድሜሽን ሙሉ አውሮፕላን ውስጥ ነው የኖርሽው» አለችኝ። የሚያሰጋው ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ እግር ላይ ደም መርጋቱ ነው ብላ ጠበቅ ያለ ካልሲ አዘዘችልኝ፤ ውኃ ጠጪ፣ እየተነሳሽ ተራመጂ፣ ቀበቶውን ከሆድሽ በታች እሰሪው አለችኝ። መተላለፊያውን ስመላለስበት አስተናጋጇ የጠፋብኝ ዕቃ ያለ መስሏት ነበር።

ደብዳቤ ባያስፈልገኝም ሆዴ ስለገፋ አንድ ቢኖረኝ ይሻላል ብዬ አጽፌ ነበር። እዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ጣጣ መጣ። ክሊኒኩ የጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። 20/02/2018 ተብሎ የተጻፈን ደብዳቤ የፍራንክፈርት ሠራተኛ ቢያየው የካቲት ወር የተጻፈ የድሮ ወረቀት ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ለእኛ ግን ጥቅምት 20 ነው። መውለጃ ቀንም እንዲሁ ይዛባል። ሐኪሟ በእንግሊዝኛና በአውሮፓ አቆጣጠር እንደገና ጻፈችልኝ፤ ጽንሱ አንድ መሆኑን፣ ሳምንቱን፣ መውለጃውንና ለመብረር ብቁ መሆኔን ጨምራ። ይህ ለእሷ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቦሌ ላይ ቆሞ ለሚመለስ ሰው ግን የጉዞው መጨረሻ ነው።

መድኑን በተመለከተ ልጄ እዚያው ጀርመን ለእንግዳ የሚሸጥ ሌላ መድን ፈልጋ ገዛችልኝ። ነፍሰ ጡር መሆኔን አስቀድማ በጽሑፍ አሳውቃ፣ ድንገተኛ ችግር ቢገጥመኝ እንደሚሸፍኑ በጽሑፍ ተቀብላ ነው የከፈለችው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ዓይነት ልግዛ ብል የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ሄጄ፣ ልጄ በሰላም ተገላግላ፣ የልጅ ልጄን አቅፌ ተመልሻለሁ። የሆስፒታል ደጅ የረገጥኩት ለእሷ ብቻ ነው።

የምጽፈው ግን እንደ እኔ የሚከራከር ጊዜም፣ ጀርመንኛ የምታነብ ልጅም ለሌላቸው ነው። በየዓመቱ አራስ ልጠብቅ ብለው ወደ አውሮፓ የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ ከእነሱ መካከል እንግሊዝኛ የማያነቡ ብዙ ናቸው። ያረገዘችው ብቻ አይደለችም የሚመለከታት፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ያለባቸውም በእንዲህ ዓይነቱ ውል ከሽፋን ውጪ ሆነው ሳያውቁት ሊበሩ ይችላሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ገዥ ስለሚገዛው ነገር በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ የጉዞ መድን በሚሸጥበት መስኮት ሁሉ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ገጽ በአማርኛ ይሰጠን። ገዥው በሌላ ቋንቋ የሚያነብ ከሆነ በሚያነበው ይሁን። ምን እንደማይሸፈን፣ ነባር ሕመምና እርግዝና እንዴት እንደሚታዩ፣ ጉዞ ቢሰረዝ ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ፣ ችግር ሲደርስ በየትኛው ቁጥር እንደሚደወል በግልጽ ይጻፍበት። ሻጩም አንብቦ ያስፈርም።

የመድን ባለሙያዎች «ይህ አስቀድሞ አለ» የሚሉ ከሆነ የት መስኮት ላይ እንደሚሰጥ በዚሁ ዓምድ ይንገሩን። የለም የሚሉም ከሆነ ለምን እንደሌለ ይጻፉልን፤ ጋዜጣውም መልሳቸውን እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ