በሩ ተከፍቷል፤ መግቢያው ስንት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአውሮፓ ኅብረት፣ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አገልግሎታቸውን ለተወዳዳሪ እንዲከፍቱ በሚያስገድደው የዲጂታል ገበያዎች ሕግ መሠረት፣ በኤፕሪል 2025 በአፕልና በሜታ ላይ ስለጣለው ቅጣት ያወጣችሁት ዘገባ ትኩረቱን ሁሉ ገንዘቡ ላይ አድርጓል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) 500 ሚሊዮንና 200 ሚሊዮን ዩሮ ለርዕስ የሚመቹ ቁጥሮች መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን አፕል በ2024 የበጀት ዓመቱ ያስገባው 391 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ይደርሳል፤ ቅጣቱ እንግዲህ የግማሽ ቀን ገቢ መሆኑ ነው። የሕጉ ፍሬ የሚለካው ሌላ ቦታ ነው፦ ተወዳዳሪው ለመግባት በሚጠየቀው ክፍያ፣ ተጠቃሚው አንድ ነገር ለመጫን በሚያልፋቸው ስክሪኖች ብዛት፣ ኩባንያው ለራሱ ምርት የፈቀደውን ለሌላውም በመፍቀዱ ወይም ባለመፍቀዱ። ስለነዚህ በዘገባችሁ አንድም መስመር አላገኘሁም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ትልቅ የተባለውን ኩባንያ ሁሉ በጅምላ የሚይዝ አይደለም። «በር ጠባቂ»፣ ማለትም ሕጉ የሚመለከተው ኩባንያ፣ ለመባል በአውሮፓ ውስጥ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ቢያንስ 7.5 ቢሊዮን ዩሮ ሽያጭ፣ ወይም 75 ቢሊዮን ዩሮ የገበያ ዋጋ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አገልግሎቱ በኅብረቱ ውስጥ በወር 45 ሚሊዮን ተጠቃሚና በዓመት 10 ሺህ የንግድ ተጠቃሚ ሊኖረው ይገባል። በሴፕቴምበር 2023 አልፋቤት (የጉግል እናት ኩባንያ)፣ አማዞን፣ አፕል፣ ባይትዳንስ (የቲክቶክ ባለቤት)፣ ሜታና ማይክሮሶፍት ተሰየሙ፤ ቡኪንግ በሜይ 2024 ተከተለ። ግዴታው የሚያርፈው በስም በተዘረዘረው አገልግሎት ላይ ብቻ ነው። ለዚህም ነው አፕል የተያዘ ኩባንያ ሆኖ ሳለ የመልእክት አገልግሎቱ አይሜሴጅ በፌብሩዋሪ 2024 ከዝርዝሩ ውጭ የቀረው፤ የማይክሮሶፍት የፍለጋ አገልግሎት ቢንግም እንዲሁ።

ወደ ክፍያው ልመለስ፤ ክርክሩ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ነገሩ አዲስ አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶ ለተወዳዳሪ ሰርቨር ሠሪዎች የፕሮቶኮል ሰነዶቹን፣ ማለትም ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ደንብ የሚገልጹትን፣ እንዲሰጥ አዘዘው። ማይክሮሶፍትም እሰጣለሁ አለ፤ ዋጋውን ግን ለፓተንቱ ከተወዳዳሪው ሽያጭ 3.87 ፐርሰንት፣ ለመረጃው ደግሞ 2.98 ፐርሰንት አደረገው። ሶፍትዌራቸውን በነጻ ለሚያድሉት እንደ ሳምባ ላሉ ቡድኖች ይህ ከእምቢታ አይለይም ነበር፤ ሽያጭ የሌለው ሰው ከሽያጩ ፐርሰንት ሊቆርጥ አይችልም። ክርክሩ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በኦክቶበር 2007 የመረጃው ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 10 ሺህ ዩሮ ሆነ። ሳምባ ሰነዶቹን ያገኘው በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። በ2008 በማይክሮሶፍት ላይ የተጨመረው 899 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት መነሻውም ይኸው ቀድሞ ያስከፈለው ዋጋ ነበር። በሩን የከፈተው ትእዛዙ ቢሆንም ሰው ያስገባው የ10 ሺህ ዩሮው ተመን ነው።

አሁን የአፕልን ስሌት እንይ። በማርች 2024 የአይፎን ስርዓተ ክወና አይኦኤስ 17.4 ሲወጣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከአፕ ስቶር ሌላ የመተግበሪያ መደብር መክፈት ተፈቀደ። በአዲሱ የውል አማራጭ የገባ መተግበሪያ ሠሪ በዓመት ከመጀመሪያው አንድ ሚሊዮን በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ የዓመቱ የመጀመሪያ ጭነት 50 ሳንቲም ዩሮ እንዲከፍል ተደነገገ። በነጻ የሚሰጥ፣ ከማስታወቂያ ጥቂት ብቻ የሚያገኝ መተግበሪያ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ቢጫን ዕዳው 500 ሺህ ዩሮ ነበር፤ ሰው ከፍቶት ተጠቀመም አልተጠቀመም። አማራጭ መደብሩ ራሱ ደግሞ ያ ነጻ አንድ ሚሊዮን እንኳ አልነበረውም፤ ከመጀመሪያው ጭነት ጀምሮ ይቆጠርበት ነበር። አልትስቶር የተባለው አማራጭ መደብር በኤፕሪል 2024 ሲከፈት ከተጠቃሚዎቹ በዓመት 1.50 ዩሮ ለመጠየቅ የተገደደው በዚህ ነው። መደብር ለመክፈት የሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያው ደንብ ከታመነ ባንክ የአንድ ሚሊዮን ዩሮ ዋስትና ማቅረብ ነበረበት። በኋላ ላይ ገቢ ለሌላቸውና ለትናንሾቹ ቅናሽ ተደርጓል፤ በጁን 2025 ደግሞ አፕል የ50 ሳንቲሙን ክፍያ ከዲጂታል ሽያጭ 5 ፐርሰንት በሚወስድ ሌላ ክፍያ ሊተካው መሆኑን አስታውቋል። የሂሳቡ ቅርጽ በተለወጠ ቁጥር ሠሪው የትኛው ውል እንደሚያዋጣው እንደገና ቁጭ ብሎ ማስላት አለበት። ለትልቅ ድርጅት ይህ የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ነው። ሁለት ሰው ሆኖ ለሚሠራ ቡድን ግን በአሮጌው ውል ለመቆየት በቂ ምክንያት ይሆናል።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ ተሰናክለዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2021 ከመደብሩ ሌላ የክፍያ ዘዴ እንዲፈቀድ በሕግ አስገደደች፤ ጉግል ፈቀደና ከሽያጩ የሚወስደውን ድርሻ በ4 ፐርሰንት ነጥብ ብቻ ዝቅ አደረገ። የካርድ ክፍያውን የሚያስተናግደው ድርጅት የሚወስደው ሲጨመር ለሠሪው የሚተርፈው ኢምንት ነው። በኔዘርላንድስ ለፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ መተግበሪያዎች የተሰጠው ፈቃድም የአፕልን የ30 ፐርሰንት ድርሻ ወደ 27 ፐርሰንት ነበር ያወረደው፤ የአገሪቱ ተቆጣጣሪም በየሳምንቱ 5 ሚሊዮን ዩሮ እየቀጣ እስከ 50 ሚሊዮን ደርሷል።

ስለ ስክሪኖቹ ደግሞ። በመጀመሪያው አሠራር አንድ ሰው አማራጭ መደብር ለመጫን በድረ ገጹ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲነካ ይመጣለት የነበረው ጭነት አልነበረም፤ የስልኩ ሴቲንግ ይህን ሠሪ እንደማይፈቅድ የሚናገር መልእክት ነበር። ወደ ሴቲንግ የሚወስደው ቁልፍ መልእክቱ ላይ የለም። ሰውየው ራሱ ሴቲንግ ገብቶ፣ ፈቅዶ፣ ወደ ድረ ገጹ ተመልሶ፣ ቁልፉን ዳግመኛ ነክቶ፣ ከዚያም ሌላ ማረጋገጫ ማለፍ ነበረበት። በየደረጃው ሰው ይንጠባጠባል፤ ይህን የማያውቅ የስልክ ሠሪ የለም። መንገዱ ያጠረው በ2025 የበጋ ወራት፣ ከአይኦኤስ 18.6 ጋር ነው። ከኅብረቱ አገሮች ወጥቶ ለሚቆይ ሰው ደግሞ ከአማራጭ መደብር የጫናቸው መተግበሪያዎች ማሻሻያ የሚያገኙት ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይከፈታሉ እንጂ የደኅንነት ማስተካከያ አይደርሳቸውም። ደኅንነትን ምክንያት አድርጎ ለሚከራከር ኩባንያ ይህ እንግዳ ውሳኔ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ የተወሰደው በማርች 19 ቀን 2025 ነው፤ ጋዜጦች ግን ብዙም አላወሩለትም። ቅጣት የለበትማ። ኮሚሽኑ አፕል ዘጠኝ የአይፎን ችሎታዎችን ለሌሎች ኩባንያዎች ሰዓት፣ ጆሮ ማዳመጫና መሰል ዕቃዎች እንዴትና መቼ እንደሚከፍት በዝርዝር ጻፈ። ውሳኔው በወጣ ጊዜ የሌላ ኩባንያ ሰዓት አይፎን ላይ ምን ይገጥመው እንደነበር ብናይ ነገሩ ይገባናል። ኖቲፊኬሽን በብሉቱዝ ይደርሰው ነበር፤ የላኪው ስምና ጽሑፉም ይነበብ ነበር፤ አይሜሴጅ ከሆነ ግን ከሰዓቱ ላይ መልስ መጻፍ አይቻልም ነበር። ሰዓቱ ኢንተርኔት የሚያገኘው ስልኩ ላይ በተጫነ አጃቢ መተግበሪያ በኩል ስለሆነ፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያውን ሲያስተኛው የአየር ሁኔታውም የቀን መቁጠሪያውም ቀድሞ ባመጡት ላይ ይቆሙ ነበር። ተጠቃሚው መተግበሪያውን ጠርጎ ከዘጋው ደግሞ እንደገና እስኪከፍተው ድረስ ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበር፤ ጥፋቱም የሰዓቱ ይመስለው ነበር። የአፕል ሰዓት የዋይፋይ የይለፍ ቃል ከስልኩ ይወርስ ነበር፤ የሌላው ባለቤት በትንሿ ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ይተይብ ነበር። የአፕልን ዕቃ ስልኩ አጠገብ ሲያስጠጉት ማገናኛ ካርድ ብቅ ይል ነበር፤ ለሌላው መጀመሪያ መተግበሪያ ማውረድ፣ ከዚያ ብሉቱዝ መፍቀድ፣ ከዝርዝሩ መፈለግ ነበር። እያንዳንዱ ጉድለት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ገዢው ሱቅ ውስጥ ሳለ ውሳኔውን ይለውጡበታል።

አፕል ውሳኔውን ይግባኝ ብሎበታል። ከሚያነሳቸው ነጥቦች አንዱን አቃልዬ አላየውም፦ የኖቲፊኬሽን ይዘት የግል መልእክት ነው፤ ስልኩ ውስጥ የተፈታውን ጽሑፍ ሌላ ኩባንያ ከተቀበለው ወዴት እንደሚወስደው አፕል መቆጣጠር አይችልም። መልሱ ፈቃዱን ከተጠቃሚው መጠየቅ ነው፤ ጥያቄው ግን የአፕል ዕቃም የሚጠየቀው ዓይነት ይሁን። ሕጉ ራሱ በጥብቅ አስፈላጊና ተመጣጣኝ የሆነ ጥበቃን ይፈቅዳል። የማይፈቅደው ለሌላው ብቻ የተበጀ አጥርን ነው።

«መክፈት አደጋ ያመጣል» ለሚሉ ሁሉ ዋቢ የሚሆናቸው ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያደረሰው ብልሽት ነው። በጁላይ 19 ቀን 2024 አንድ የጸረ ጥቃት ሶፍትዌር ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አንበረከከ። የብልሽቱ ሥር ሲፈተሽ አዲሱ ፋይል 21 መስኮች ሲጠብቅ ኮዱ ያቀረበው 20 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮግራሙ የሌለውን 21ኛውን ሊያነብ ከተመደበለት የማስታወሻ ክልል ወጣ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው በከርነሉ፣ ማለትም በስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ውስጥ በመሆኑ ኮምፒውተሩን ይዞት ወደቀ። ማይክሮሶፍት በጊዜው በ2009 ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር የገባውን ስምምነት ጠቆመ። ስምምነቱ የሚለው ግን የማይክሮሶፍት የራሱ የደኅንነት ሶፍትዌር የሚጠቀምበትን መግቢያ ሌሎችም በእኩልነት ያግኙ ነው። ከከርነሉ ውጭ የሆነ መግቢያ ሠርቶ የራሱንም ሶፍትዌር ወደዚያ ቢያወጣ ኖሮ ስምምነቱ አይከለክለውም ነበር። እኩል መግቢያ ማለት የግድ አደገኛ መግቢያ ማለት አይደለም።

ክፍያን ከማስወደድ ሌላ ኩባንያዎቹ የያዙት ዘዴ ማስቀረት ነው። አፕል በ2024 የአይፎንን ስክሪን በማክ ላይ የሚያሳየውን አገልግሎት ለአውሮፓ ኅብረት ተጠቃሚዎች አላቀርብም አለ፤ ምክንያቱንም ሕጉ አደረገ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ድረ ገጾችን እንደ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ማስቀመጥን ሊያጠፋ ነበር፤ ከሠሪዎች ተቃውሞ በኋላ ማርች 1 ቀን ሐሳቡን ተወ። ለዚህ ዘዴ ሕጉ ጥሩ መልስ የለውም። ኩባንያ ያልሸጠውን ነገር ሽጥ ተብሎ አይገደድም፤ ቢበዛ እንዳስቀረው በይፋ እንዲታወቅበት ማድረግ ይቻላል።

የመልእክት መተግበሪያዎችን ማገናኘት በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ዋትሳፕ የአንድ ለአንድ ጽሑፍ፣ ምስል፣ ድምፅና ፋይል ልውውጥን ለሚጠይቀው ተወዳዳሪ ሊከፍት ግድ ነው፤ የቡድን ውይይት ከስያሜው ሁለት ዓመት በኋላ፣ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ አራት ዓመት በኋላ፣ ማለትም እስከ ሴፕቴምበር 2027። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ምስጠራ ሳይላላ ነው ይህ ሁሉ። ሲግናልና ትሪማ የተባሉት የመልእክት መተግበሪያዎች ግን አንገባም ብለዋል፤ ማን ለማን መቼ እንደጻፈ የሚያሳየው መረጃ በሌላው ሰርቨር እንዲያልፍ አይፈልጉም። ሕጉ በር ጠባቂውን እንጂ ጎብኚውን አያስገድድም፤ ማስገደድም አይገባውም።

በመጨረሻ አንድ እርማት። ዘገባችሁ የአይፎኑ የኤንኤፍሲ ክፍያ (ስልክን አስጠግቶ የሚከፈልበት ቺፕ) ለሌሎች መከፈቱን የዚህ ሕግ ውጤት አድርጎ አቅርቦታል። አይደለም። ያ የተገኘው ከቀድሞው የውድድር ሕግ በተነሳ ሌላ ምርመራ ነው፤ አፕል በጁላይ 11 ቀን 2024 የጸደቀውንና ለ10 ዓመት የሚያስገድደውን ቃል ገብቶ ነው የተዘጋው። በዚያ ቃል መሠረት የሌሎች የክፍያ መተግበሪያዎች በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ ቺፑን ያለ ክፍያ ይጠቀማሉ፤ ተጠቃሚው የጎን ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሲጫን የሚከፈተውም እሱ የመረጠው መተግበሪያ ይሆናል። ምርመራው በይፋ ከተከፈተበት ከጁን 2020 አንስቶ አራት ዓመት ፈጅቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ