ይድረስ ለአባዬ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። ዓይንህ ስለማያስነብብህ ይህን የምታነብልህ የትልቋ እህቴ ልጅ ናት። እሙዬ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢለት። የከበደሽን ቦታ ግን እንዳትዘይው።

ስደውል ሁሌ «ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ነው» ትለኛለህ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ታወራኛለህ። ከዚያ «ሂሳብ እንዳይቆጥርብህ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ፤ ደብዳቤ አይዘጋም።

ሰሞኑን አንድ ሽማግሌ ጭኜ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ታምፓ ውስጥ ኢቦር ሲቲ ወደሚባል ሰፈር ወሰድኩት። የሚሄደው ሲጋር ቤት ነው። ሲጋር ማለቴ ያ ወፍራሙ፣ ፊልም ላይ ባለጠጋ የሚያጨሰው። «ግባ፣ ቡና አለ» አለኝ። ቡና ተብሎ እምቢ ይባላል? ገባሁ።

ቤቱ የአባትና የልጅ ነው። መሸጫውን አልፈህ ሽታው ደስ በሚል እንጨት የተለበጠ ክፍል አለ። እርጥበቱን እየለኩ 70 በመቶ አካባቢ ያቆዩታል። ቅጠሉ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከረጠበ ይሻግታል። እኔ ምኑንም አላውቅ። ልጅቷ ለጀማሪ ይሆናል ብላ ቀለሙ ፈካ ያለውን መረጠችልኝ። የላይኛው ቅጠሉ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ጨርቅ ተዘርግቶበት የሚያድግ ነው አሉ። ጫፉን ትንሽ ብቻ ቆረጠችው። እሳቱ ሳይነካው እያሽከረከርክ አሙቀው፣ ጭሱንም አፍህ ውስጥ ይዘህ መልሰው እንጂ እንዳትውጠው አለችኝ። ምላሴን ለበለበኝ፤ ቀጥሎ ቡና ቡና አለኝ። ግማሹን እንኳ አላደረስኩትም። ለኔ የሚሆን ነገር አይደለም።

አንተ ደግሞ ይህን ሰምተህ «እንግዲያ እኔም ከሲጋራው ወደዚያኛው ልዙር» እንዳትል። ባይዋጥም አፍና ጉሮሮ ላይ ካንሰር ያመጣል።

ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣራ ላይ ወርውሪው አልኳት። የምንኖረው ፎቅ ላይ ስለሆነ ጣራው የት እንደሆነ አላወቀችም፤ ጥርሷን ይዛ ስትዞር ዋለች። ትልቁ አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያንተን ፎቶ ሲያይ ግን «አባዬ» ይላል፣ ጥርት አድርጎ።

ወደ ሲጋር ቤቱ ልመለስ። አባትየው ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለው። ቅጠሉን አንስቶ የመሃል አጥንቱን መዘዘው። እርጥቡን በመዳፉ ዘረጋው። እጀታ የሌላት፣ ግማሽ ክብ ስለት አነሳና ጠርዙን በአንድ ዙር ቆረጠው። መስመር የለ፣ ልክ የለ። ሱፍ ጨርቅ ላይ በሳሙና ሳታሰምር መቀስ የምትሰደው ነገር ትዝ አለኝ። ልጅቷ ደግሞ አጠገቡ የውስጡን ቅጠል ትጠቀልላለች። እሱ የሷን እያነሳ በሁለት ጣቱ ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን ያደርገዋል። የጠጠረ ቦታ ካለ ጭስ አያሳልፍም። አንዱን ፈታና መልሶ ሰጣት። አልተቆጣም። እሷም ሳይከፋት እንደገና ጠቀለለችው።

የከፋኝ እኔ ነኝ።

ግድግዳው ላይ የድሮ ፎቶ ተሰቅሏል። ሰፈሩን በ1885 በፈረንጆቹ የቆረቆረው ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የሚባል ስፔናዊ ነው። ፎቶው ላይ ከኩባ፣ ከስፔን፣ ከሲሲሊ የመጡ ሠራተኞች ተደርድረው ሲጋር ይጠቀልላሉ። ከፍ ያለ መድረክ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። ደመወዙን የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ነበሩ፣ አዋጥተው። በ1931 ባለፋብሪካዎቹ ፖለቲካ ይሰብካሉ ብለው አንባቢዎቹን አስወጡ፤ በነሱ ቦታ ሬዲዮ ገባ። ሳቄ መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አዲስ ዘመን የማነብላችሁ እኔ አልነበርኩ? ደመወዜ አንድ ቦንቦሊኖ። አንተም ሬዲዮ ስትገዛ ከሥራ ወጣሁ።

ግን ማሽኑ ላይ ስለምን አላስቀመጥከኝም? ለቅሶ ሄደህ ሳለ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ጫፉን አጥፌ ሰፋሁልህ። መጥተህ አየኸው። ሰውየው ፊት በምላጭ ተረተርከው። ሲንጀሯን ቆለፍክና ቁልፉን ኪስህ ከተትክ። «አንተ ደብተርህን ያዝ» አልከኝ፣ በቃ። ስፌቱ ጠሞ ነበር? እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ለጎረቤት ልጅ ግን በዚያው ክረምት አስተማርከው። ዛሬ ፒያሳ ላይ የራሱ ቤት አለው። ሰው ሲያመሰግነው ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽህም።

ለሲጋራ ግን ትልከኝ ነበር። ሁለት ፍሬ፣ ቶሎ በል እያልክ። አሁን እኛም አገር እዚህም ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥ ክልክል ነው። እኔ ያኔ የሱቁ ባንኮኒ ላይ እንኳ አልደርስም። ለማሽኑ ልጅ ነበርኩ፣ ለሲጋራው ግን አልነበርኩም።

ሲንጀሯን ሸጠህ እንደላክኸኝ አልረሳሁም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አባዬ፣ ኤክስሬይህን ትልቋ በቴሌግራም ልካልኛለች። እንዳትቆጣት፤ ካልላክሽ ብዬ ያስጨነቅኳት እኔ ነኝ። ከላይ በኩል ያለችውን ነጭ ነገር አየኋት። ሐኪም አይደለሁም። የድሮ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ እሱ መድኃኒት አለው። ሌላም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ሄደህ ሲቲ ስካን ተነሣ ከተባልክ ቆየህ። መጀመሪያ ከፋሲካ በኋላ አልክ። ቀጥሎ ዝናቡ ያባራ። አሁን ደግሞ መስቀልን ላሳልፍ ትላለህ። ፈርተህ ነው? እኔ ፈርቻለሁ። ስልኩ በሌሊት ሲጮህ ማን እንደደወለ ሳላይ ነው የምነሳው።

በመኪና 400 ኪሎ ሜትር፣ ጣርማ በርን አቋርጠህ አትንገላታ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ትሄዳለህ፤ ትልቋ አብራህ ትሄዳለች፣ ትኬቱን ከዚህ እቆርጣለሁ። እስከዚያ ኮምቦልቻ እሷ ቤት ውረድ፤ እዚያ ይሞቃል። ጦሳ ላይ ደመና በተቀመጠ ቁጥር ሳልህ እንደሚብስ አንተም ታውቃለህ። የቤቱን ነገር ለተከራዮቹ ተውላቸው፣ ዶሮዎቹን ይመግባሉ። የመታወቂያህን ፎቶ ይላኩልኝ፤ ጊዜው አልፎበት ከሆነ በዚህ ሳምንት ቀበሌ ሄደህ አሳድሰው። ኤክስሬዩን ደግሞ ፍራሽ ሥር እንዳታደርገው፣ ይታጠፋል። ዶክተሮቹ አሮጌውንም አምጣ ይሉሃል።

ልጅህ