ሌንሱ ደርሶኛል የኔ እናት

ሰላም ሆዴ፣ እንዴት ነሽልኝ፣ ስራው እንዴት ይዞሻል። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። የላክሽው ሌንስ ሐሙስ ደርሶኛል፣ ካርቶኑን እናትሽ ናት የፈታችው፣ እኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ከደስታ።

ባለ 70-300 ሚሊሜትር ነው፣ 710 ግራም፣ አንቺ ትተሽልኝ የሄድሽው ካኖን ላይ ሲገጠም ደሞ የካሜራው ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 300ው እንደ 480 ነው የሚያቀርበው። ወዲያው ጓሮ ወጣሁ፣ የት ልሂድ ሌላ፣ ጉልበቴ የጦሳን ተራራ መውጣት እምቢ ካለኝ ቆይቷል። እሬቱ አብቧል፣ ቀዩ አበባ ላይ ያቺ ማር የምትመጥ ወፍ ትመላለሳለች፣ በርጩማዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን አንድም ፎቶ አልወጣልኝም ልጄ፣ ሃምሳ ምናምን አንስቼ ሁሉም ደብዛዛ፣ ሌንሱ መንገድ ላይ ተጋጭቶ ይሆን ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ለካ ሹተሩ፣ የማንሻው ፍጥነት፣ 1/100 ሰከንድ ላይ ነው ያለው፣ በ300 ደሞ ትንሿ የእጅ መንቀጥቀጥ ትልቅ ሆና ነው የምትታየው። ሌንሱ ውስጥ ማረጋጊያው አለ ብዬ ተማምኜ እኮ ነው፣ ማረጋጊያው ግን የኔን እጅ ነው እንጂ የወፏን ክንፍ አያቆምም። በማግስቱ 1/500 አደረግኩት፣ ጠዋት ጉም ስለነበረ አይኤስኦውን፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ወደ 1600 ከፍ አድርጌ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ትንፋሼን ያዝ። ስቱዲዮ የሰራሁበት ዜኒት ካሜራ ትዝ ይልሻል፣ የሱ የመጨረሻ ፍጥነት 1/500 ነበር፣ ስንት አመት ስሰራበት እዛ ቁጥር ላይ ስንቴ እንደደረስኩ እንጃ፣ አሁን ግን ከዛ ነው የምጀምረው።

ከዛማ ምን ልበልሽ! በአይን ጥቁር የምትመስለው ወፍ ጸሀይ ሲነካት ሐምራዊ ሆና ታበራለች፣ ጭንቅላቷ ደሞ እንደ መዳብ፣ ምንቃሯ ላይ የእሬቱ ብናኝ ቢጫ ሆኖ ተለጥፏል፣ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የወፍ መጽሐፍሽን ገልጬ አየሁ፣ ወንዱ ነው፣ በእንግሊዝኛ ተካዜ ሰንበርድ ነው የሚሉት፣ በኛው በተከዜ ወንዝ ስም። ስንት አመት ጓሮዬ ስትመላለስ ጥቁር ወፍ ብቻ ነበር የምላት።

ጦሳንም ሞክሬዋለሁ። ቀን 7 ሰዓት ላይ አይሆንም፣ መሬቱ ሲግል አየሩ እንደ ውሃ ስለሚዋልል ምንም ሌንስ ቢሆን ይደበዝዛል። ዝናብ ባደረ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግን ባህር ዛፉ ግንድ በግንድ ይለያል፣ ያ አንቺን አዝዬ የምወርድበት ቀጭን መንገድ ሳይቀር ታየኝ፣ ቆሜ ብዙ አየሁት።

እናትሽ የወፏን ፎቶ ትልቅ አድርገህ አሳጥብና ሳሎን እንስቀለው እያለች ነው፣ ከአያትሽ ፎቶ ጎን ያለው ሚስማር ባዶ ነው አይደል፣ እሱ ላይ። ወንድምሽ እሬቱን ነቅሎ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነበር፣ ፎቶውን ሳሳየው ዝም ብሎ ቆይቶ በቃ ይቆይ አለኝ። ሰሞኑን ፈቃድ ካገኘሽ አበባው ሳይረግፍ ነይ፣ በርጩማ ሁለት አለን።

አባትሽ፣ ከደሴ