ልጁን ተቀበልልኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ዝም ብሎ የከረመ ሰው በምን ፊቱ ይህን ይጠይቃል ብትል እውነትህን ነው። ለእናትህ ለቅሶ አልደረስኩም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ልልህ እችላለሁ፤ ተዘግቶም ነበር። ነገር ግን አውሮፕላን ነበር፣ ስልክም ነበር። ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ አንድ ቀን አለፈ፣ ሳምንት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ። በእጃቸው የበጠበጡትን በሶ እየጠጣሁ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን በወረቀት አልጨርሰውም፤ በአካል መጥቼ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። አሁን የምጽፍልህ እንቅልፍ ስለነሳኝ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ልጅ አለ። ዕድሜው 17፣ ክብደቱ 61 ኪሎ። ያገኘሁት አራዳ ገበያ እህል ሲሸከም ነው። የጆንያውን ጫፍ በአራት ጣቶቹ ብቻ ቆልፎ ሲያነሳ አይቼ መንገዴን ትቼ ቆምኩ። አንተም ብትሆን ትቆም ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው፤ ከብራዚል ጁጁትሱ ትግል ልምምዳችን የቀረበትን ቀን አላስታውስም። አዳራሹን አትጠይቀኝ። ስፖንጁም ያው፣ ከላይ ያለበስነው ሸራም ያው ነው፤ ሳይቀደድ የቀረው አንተ በሲባጎ የሰፋኸው ጥግ ብቻ ነው። ቀሪውን እኔ ነበርኩ የሰፋሁት፣ ታስታውሳለህ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሌሎቹ ልጆች ሄደው ሁለታችን ብቻ ምንጣፉ ላይ ነበርን። «እንቀጥል» አልኩት፤ ይህ ትግል በእጅ እንጂ በዓይን አይደለም እያልኩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ሳበኝ፤ ያችን አንተ የምትወዳትን አሳሳብ። ጀርባዬ ላይ ወጣ፣ እግሮቹ ወገቤ ላይ ተጠመጠሙ። አገጬን ደረቴ ላይ ደፋሁ፣ እጆቼን ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁ፣ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። እሱ ግን አልቸኮለም። አንጓዬን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ታች አወረደውና ሌላው ክንዱ አገጬ ሥር ገባ። ትንፋሹን ጆሮዬ ላይ እሰማለሁ፤ የራሴን አልሰማም። እጅ ሰጠሁ ለማለት ሸራውን ሁለት ጊዜ መታሁ። ወዲያው ለቀቀኝ። ጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። መብራቱ ሲመጣ እሱ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ከተማሪዎቼ አንዱ እጅ ሲያሰጠኝ የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ተናድጄ እንዳይመስልህ። እስከ ቤቴ ድረስ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም። ፍርሃቱ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የብራዚላዊውን ታጋይ የማርሴሎ ጋርሲያን ግጥሚያዎች ከፈትኩ። ለአንተ ምን እተርካለሁ? እ.ኤ.አ. የ2003ቱን የሳኦ ፓውሎ ኤዲሲሲ፣ ያን ትልቁን የዓለም የትግል ውድድር፣ ስንት ሌሊት አብረን አይተነዋል። አንተ ውጤቱን እያወቅህ «ዛሬስ ሬንዞ ግሬሲ ያሸንፋል» እያልክ ስትከራከረኝ አልረሳውም፤ እንዳንተ ያለ ግትር አላየሁም። ማርሴሎ፣ ተተኪ ሆኖ የገባ የ20 ዓመት ልጅ፣ በ77 ኪሎ፣ ስመ ጥሩውን ሬንዞን በነጥብ አሸነፈ፣ ሻኦሊን የሚሉትን ቪቶር ሪቤይሮን ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ አንቆ አስተኛው፣ ከዚያም ወርቁን ወሰደ። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ያን ሌሊት ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። የተወለደባት ከተማ ፎርሚጋ ትባላለች፤ በእነሱ ቋንቋ ጉንዳን ማለት ነው። ትግል የጀመረው እዚያው ነው። ከዚያ ወጥቶ፣ መጨረሻው ሳኦ ፓውሎ አሠልጣኙ ፋቢዮ ጉርጄል ዘንድ ሆነ። ጉርጄልን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ያሰብኩት ፎርሚጋ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ መጀመሪያ ያስተማረውን ሰው ነው። ልጁ ዕቃውን ሸክፎ ሲወጣ ያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ምን ብሎት ይሆን?

ማርሴሎ አሠልጣኝ ሆኖም እጁን አልሰሰተም። ኒው ዮርክ ላይ ማሠልጠኛ ከከፈተ በኋላ የየዕለቱን ልምምድ እየቀረጸ በኢንተርኔት ያሳይ ነበር፤ ሊገጥሙት የሚዘጋጁትም ጭምር ያዩት ነበር። እያዩትም እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም ተማሪው ማቲውስ ዲኒዝ በ2019 በ88 ኪሎ ኤዲሲሲን አሸነፈ፤ ከአሠልጣኙ የሚከብድ ተማሪ።

እኔስ? እኔ ልጁን ደበቅሁ። ይኸውልህ፣ ወጣልኝ። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ለውድድር ሁለት ጊዜ ጥሪ መጥቶለት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «ገና ነው፣ አልበሰለም» ብዬ መለስኩ። ለልጁ አልነገርኩትም። እሱ ከሄደ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚቀሩትን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስድስት ናቸው፣ ሁለቱ ለክብደት መቀነሻ የሚመጡ ናቸው።

ይህን ስጽፍ የአንተም ነገር መጣብኝ። አዲስ አበባ ልትሄድ ስትነሳ «ከሃዲ» ብዬሃለሁ። መናኸሪያ አልመጣሁም። የማታውቀውን ልንገርህ፦ ያን ዕለት ጠዋት አዘዞ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። አውቶቡስህ ሲያልፍ አየሁት። በመስኮቱ በኩል አንተን ፈለግሁ፣ ሳላገኝህ አለፈ። እጄን አላነሳሁም። ከዚያም በኋላ ነገሩን እንዳልነበረ አድርገን ኖርን፤ አንተ ደግ ስለሆንክ ነው እንጂ እኔ የሚገባኝ ሆኖ አይደለም።

ባለፈው ጊዜም ልደውልልህ ነበር። ማርሴሎ ባንኮክ ላይ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2025። በ2023 የጨጓራ ካንሰር እንደያዘው የሰማን ሰሞን ያበቃለት መስሎኝ ነበር። ከውድድር ከራቀ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ42 ዓመቱ፣ ከዚያ ሁሉ ሕክምና ወጥቶ ጃፓናዊውን ኢማናሪን እጅ አሰጠው። ብድግ ብዬ ብቻዬን ጮህኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ስልኩን አንስቼ ስምህ ላይ ደረስኩ። መልሼ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ልጁን ተቀበልልኝ። እናንተ ዘንድ በእሱ ክብደት ብዙ ልጅ አለ፤ እዚህ የሚፎካከረው ሰው የለም፣ እኔም ከእንግዲህ አልበቃውም። ለጊዜው አንተ ቤት ይረፍ፤ የወር ቀለቡን እኔ እልካለሁ። አያቱን አስፈቅጃለሁ። «ጉሮሮ መተናነቅ ምን የሚሉት ትምህርት ነው ልጄ?» አሉኝ፤ የሚቀበለውን ሰው ስም ሲሰሙ ግን «የእሷ ልጅ ከሆነስ ይሂድ» አሉ። እናትህን ከቁስቋም ማኅበር ያውቋቸው ኖሯል።

አንድ ነገር አስጠንቅቅሃለሁ። ሲያንቅ ትዕግሥተኛ ነው፣ ራሱ ሲያዝ ግን እጅ አይሰጥም። በመስከረም ክርኑ ሲንቋቋ እየሰማሁ ዝም ብሎኛል፤ እኔው ለቀቅሁት። ስለዚህ ነገር መክሬዋለሁ፣ ቆጥቼዋለሁ፣ ከእኔ አልሰማም። አንተ ትከሻህን አሳየው፤ በዚያን ጊዜ በወቅቱ ምንጣፉን ባለመምታትህ የሆነውን ንገረው። ካንተ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

ለጥምቀት አውቶቡሱም ከተማውም ስለሚጨናነቅ ከበዓሉ በኋላ ይነሳል። መናኸሪያ ድረስ እኔ አደርሰዋለሁ። በላህ ወይ ብለህ ስትጠይቀው «በልቻለሁ» ይልሃል፤ አትመነው፣ በሶ በጥብጠህ ስጠው።

ወንድምህ
ከጎንደር