የቅሬታ ደብዳቤ፦ ስለ ተረከብነው ያክ-52 አውሮፕላን ሞተርና ስለ ቅድመ ግዢ ምርመራው

ቀን፦ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአውሮፕላን ሽያጭ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሞተር ጉዳት ካሳ፣ ትክክለኛ የሞተር መዝገብና የምርመራ ክፍያ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ድርድሩም ርክክቡም ከወኪላችሁ ጋር በአማርኛ ስለነበር ይህንንም በአማርኛ ጽፈናል፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ ጠበቃችን ዘንድ አለ።

በጋራ የገዛነው ያክ-52 በማስታወቂያችሁ ላይ የቀረበው «ሞተሩ ከታደሰ 290 ሰዓት ብቻ የሠራ፣ ለመብረር ዝግጁ» ተብሎ ነው። ከሽያጩ ዋጋ ሌላ ለቅድመ ግዢ ምርመራ 2,800 ዶላር ከፍለናል። የሻጩን ምርመራ ማመናችን የእኛ ጥፋት ነው ብትሉ አንከራከርም፤ ገንዘቡን የተቀበላችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

በሞተሩ እንጀምር። የአውሮፕላኑ ሞተር ኤም-14ፒ ዘጠኝ ሲሊንደር ያለው፣ 360 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ራዲያል (ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ) ሞተር ነው። ቆሞ ሲሰነብት ዘይት ቁልቁል ወርዶ የታችኞቹ ሲሊንደሮች ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዘይት ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ስለዚህ ከማስነሳት በፊት ማግኔቶው (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው) ጠፍቶ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው የታመቀ አየር መክፈቻ ተዘግቶ፣ ፕሮፔለሩ በእጅ ይዞራል። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ፕሮፔለሩ 0.658 ዙር ብቻ ስለሚዞር፣ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር ሞልቶ ሲሊንደሮቹ ሁሉ እንዲፈተሹ ቢያንስ ሦስት ብሌድ (የፕሮፔለር ቅጠል) መሳብ ያስፈልጋል፤ ጠንቃቃ ሰው ስድስት ወይም ስምንት ይስባል። መሃል ላይ ከያዘ መታገል የለም። የታችኞቹ ሲሊንደሮች ካንዴላ ይፈታል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ከዚያ እንደገና ይዞራል። ወደኋላ መመለስ ጨርሶ አይፈቀድም፦ ዘይቱ በመግቢያው ቫልቭ በኩል ወደ መግቢያ ቧንቧው ይገፋል፣ ፕሮፔለሩም የተላቀቀ ይመስላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ያንኑ ዘይት መልሶ ይስበዋል። ያኔ የሚታጠፈው ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ነው።

አሁን «የርክክብ ማረጋገጫ» ብላችሁ የላካችሁልንን ቪዲዮ ክፈቱት። ቴክኒሻናችሁ ሁለት ብሌድ ይስባል። ሦስተኛው ላይ ይይዝበታል፤ በትከሻው ይገፋዋል፤ እምቢ ይለዋል። ግማሽ ዙር ያህል ወደኋላ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ወደፊት ሲስበው ያለ ምንም ችግር ያልፋል። ወደ ኮክፒቱ አውራ ጣቱን ያሳያል፣ አየሩ ይለቀቃል፣ ሞተሩ ይነሳል። ካንዴላ የነካ ሰው የለም። በጭሱ አንከስሳችሁም፤ ራዲያል ሞተር ሲነሳ ያጨሳል። ከዚያ በፊት ያለውን አርባ ሰከንድ ግን ማስረጃ አድርገን ይዘነዋል።

ከአራት ሰዓት በረራ በኋላ ንዝረት ስለተሰማ አውሮፕላኑ እንዲቆም ተደርጓል። መካኒኩ በካንዴላ ቀዳዳ መለኪያ ዘንግ አስገብቶ እያንዳንዱ ፒስተን ወደ ሲሊንደሩ ራስ እስከየት እንደሚደርስ ለካ። የ5ኛው ፒስተን ከጎረቤቱ ከ6ኛው ጋር ሲነጻጸር 3 ሚሊሜትር ሳይደርስ ይመለሳል። በራዲያል ሞተር ሌሎቹ ቢዬላዎች የሚንጠለጠሉት በዋናው ቢዬላ ላይ ስለሆነ በፒስተኖቹ ጉዞ መካከል መጠነኛ ልዩነት ይጠበቃል፤ ይሄ ግን ከዚያ አልፏል። ሲሊንደሩ ሲወርድም መታጠፉ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲጠጋበት በዓይን የሚታይ ሆኖ ተገኘ። የታጠፈ ቢዬላ ወዲያው አይሰበርም፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ለሰዓታት ደህና ሠርቶ አየር ላይ ሊበጠስና ክራንክ ኬዙን (የክራንክ ሻፍቱን ማቀፊያ) ሊበሳ ይችላል። ወኪላችሁ በስልክ «ከርክክብ በኋላ የሆነ ነው» ብለውናል። ከርክክብ በኋላ ሞተሩ የተነሳው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ስምንት ስምንት ብሌድ ተስቦ አንድም ጊዜ አልያዘም፣ ይህም በሎግ ቡኩ ተመዝግቧል።

ከዚህ የከፋው ግን ወረቀቱ ነው። ያክ-52 ሩማኒያ ውስጥ በባካው ከተማ የተመረተ የሶቪየት ንድፍ ነው፤ ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩና የአውሮፕላኑ አካል የየራሳቸው ፎርሙላር (የታሪክ መዝገብ) አላቸው። የበረራ ሰዓቱ፣ እድሳቱና የተለወጠው ዕቃ ሁሉ የሚጻፈው እዚያ ነው። ያስረከባችሁን የሞተር ፎርሙላር ቁጥር ሞተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ይለያያል። የጽሕፈት ስህተት እንዳንል ፎርሙላሩ ላይ የተመዘገበው የምርት ዓመትም ከሞተሩ ጋር አይገጥምም። ማስታወቂያው ላይ ያለው 290 ሰዓት እንግዲህ የሌላ ሞተር ሰዓት ነው፤ የእኛው ስንት እንደሠራ ከሰነዱ ማወቅ አይቻልም። በምርመራ ሪፖርታችሁ ላይ ግን «የሞተር ቁጥር ተመሳክሯል» ከሚለው ፊት ምልክት ተደርጓል። ቁጥሩን ለማንበብ የእጅ ባትሪና ዘይት መጥረጊያ ጨርቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የአየሩን ጉዳይ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሪፖርቱ «ግፊቱን ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል» ይላል፤ ጌጁ ማታ 50 አሳይቶ ጠዋት 20 ነበር። በዚህ አውሮፕላን የሞተሩ ማስነሻ፣ የማረፊያ ጎማው መዘርጊያና ማጠፊያ፣ ፍላፑና ፍሬኑ የሚሠሩት በዚሁ አየር ነው። በሳሙና ውሃ ሲፈተሽ የሚተነፍሰው በመሙያው ቫልቭ በኩል ሆኖ ስለተገኘ ጎሚኒው ተቀይሯል፤ ለዚህ ገንዘብ አንጠይቅም።

የምንጠይቀው የሞተሩን መፍታት፣ የቢዬላውን ቅያሪና ክራንክ ሻፍቱ ታጥፎ እንደሆነ የሚረጋገጥበትን ምርመራ ወጪ በተያያዘው ዋጋ ማቅረቢያ መሠረት እንድትከፍሉ፣ የምርመራውን 2,800 ዶላር እንድትመልሱና የዚህን ሞተር ትክክለኛ ፎርሙላር እንድታስረክቡ ነው። ፎርሙላሩ ካልተገኘ ሞተሩ ሰዓቱ ያልታወቀ ተብሎ ስለሚቆጠር የዋጋውን ልዩነት በገለልተኛ ገማች አስገምተን እንጠይቃለን። በተጨማሪ አውሮፕላኑ የተመዘገበው በኤክስፐሪመንታል ኤግዚቢሽን (ለትርኢት በሚፈቀድ የሙከራ) ምድብ ስለሆነ የበረራ ገደቦቹ ሰነድ ሙሉውን አውሮፕላኑ ውስጥ መገኘት አለበት፤ የሰጣችሁን የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። ቀሪውን ላኩልን።

ቢዬላው፣ ፒስተኑና 5ኛው ሲሊንደር ሳይታጠቡ ሃንጋር ውስጥ ተቀምጠዋል። ባለሙያ ልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ አሳውቁን፤ እስከዚያ ድረስ ሞተሩን አንገጥመውም።

አባሪ፦ የሞተሩ ቁጥርና የፎርሙላሩ ፎቶዎች፣ የምርመራ ሪፖርቱ ቅጂ፣ የፒስተኖቹ ልኬት፣ ቪዲዮው፣ የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ

ከሰላምታ ጋር
የአውሮፕላኑ የጋራ ባለቤቶች