የእጅ ዋጋው ይለጠፍ፣ አሮጌው ፊልትሮ ይመለስ

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የምነዳት መኪና 1.3 ሊትር ሞተር ያላት አሮጌ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርስባታለሁ፤ በዓል ሲሆን መራዊ እናቴ ጋ እሄድባታለሁ። ሌላ ልግዛ ብል አቅሙ የለኝም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። ከዚያ ወዲህ እንደኔ ያለ ሰው ያለችውን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ የለውም።

የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው። "ሰርቪስ የት ላስደርግ?" የሚለው ጥያቄ እኛ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳይነሳ የሚያልፍበት ሳምንት የለም። መልሱ ሁልጊዜ የሰው ስም ነው። "እገሌ ጋ ውሰጃት፣ ርካሽ ነው" ይሉሻል። ወይም "እገሌ ጋ ውሰጃት፣ ውድ ቢሆንም አስተማማኝ ነው" ይሉሻል። እኔም ለዓመታት በስም ስመራ ኖሬ ነው የተቃጠልኩት።

ያምና ግንቦት ላይ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ብዬ መኪናዬን አንድ ትልቅ ጋራዥ አስገባሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ሠራተኞቹ ቱታ ለብሰዋል። እንዲህ ያለ ቦታ አይሸወድም ብዬ ቁልፉን ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ታጥባ ጠበቀችኝ። የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የእጅ ዋጋ ተብሎ በቃል ተነገረኝ። "ሁሉም ተቀይሯል እትዬ፣ ሃሳብ አይግባዎት" አለኝ ልጁ። ከፈልኩ። ወረቀት አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልሰጡኝም።

ጥቅምት ላይ ያ ጋራዥ ወረፋ ስለበዛበት ጎረቤቴ አባይ ማዶ ወዳለ ትንሽ ቦታ ላከችኝ። የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ልጆች። በቃ። አንደኛው ኮፋኖውን ከፍቶ የአየር ፊልትሮውን ቤት ፈታ። ትንሽ ዝም አለና "እትዬ፣ እስቲ ይምጡ ይዩት" አለኝ። ፊልትሮው ጠቁሯል። እጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ቅጠል ተሰክቷል። ጫማው ላይ መታ መታ ሲያደርገው አቧራው እንደ በርበሬ ቦነነ። የአምስት ወር ፊልትሮ እንዲህ አይሆንም አለኝ። እኔ ግን ገና አላመንኩም ነበር።

ያመንኩት ከታች የዘይት ፊልትሮውን ፈትቶ በጨርቅ ሲጠርገው ነው። በማርከር የተጻፈ ቁጥር ብቅ አለ። ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። 118,400 ይላል። የወንድሜ እጅ ጽሑፍ ነው! ከሁለት ዓመት በፊት እሱ ራሱ ሲቀይርልኝ የጻፈው ነው። ቆጣሪዬ ያን ቀን 131 ሺህ አልፎ ነበር። እንግዲህ የከፈልኩበት ፊልትሮ የት ገባ? ፊልትሮ ሲደፈን ደግሞ ዘይቱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ውስጡ ያለች ትንሽ በር ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ያልፋል። ለሞተሬ ጤና ብዬ ከፍዬ፣ መኪናዬ ለወራት ቆሻሻ ዘይት ስትጠጣ ከርማለች። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ብሩ አይደለም ያስለቀሰኝ። አምኜ መታለሌ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቦታ የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። አንድ ቅዳሜ ለአንድ ዓይነት ሥራ ሦስት ቦታ ጠየቅኩ፤ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ሌላ ምንም የለም። የእጅ ዋጋ አንዱ 400 ብር አለኝ፣ አንዱ 700፣ አንዱ 1,500። ሦስቱም የሚፈቱት ያቺኑ አንድ ቡሎን ነው። ስለዚህ ዋጋውን ጠየቅኩና ቀጥዬ ሌላ ጠየቅኩ። ዕቃውን ራሴ ገዝቼ ባመጣ ትሠራላችሁ? ሲሠራ አጠገቡ ልቁም? አሮጌውን ትመልሱልኛላችሁ? የ1,500 ብሩ ቤት "ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም" አለ። የ400 ብሩ ዕቃ ከእኛው ካልተገዛ አንሠራም አለ፤ ዘይቱ ላይ የጨመረውን ሳሰላው ከ700ው በልጦ ተገኘ። የ700 ብሩ ልጅ በርጩማ አቀረበልኝ። እሱ ጋ ቀረሁ።

ዕቃ ራስን ችሎ መግዛት ብዙ ያተርፋል። መካኒክ ከመለዋወጫ ሱቅ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ በዚህ አልፈርድም፣ የእጅ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ነው። ግን ኮሚሽኑ የሚወጣው ከእኔ ኪስ ነው። የእኔ መኪና ፊልትሮዋን ጨምሮ የምትወስደው 3.7 ሊትር አካባቢ ነው። ባለ 4 ሊትር ጋሎን ገዝቼ እሄዳለሁ፣ ክዳኑ እንደታሸገ መሆኑን አያለሁ፣ የተረፈችውን ይዤ እመለሳለሁ። መጽሐፏ የሚለው 5ደብልዩ-30 የተባለውን ቀጭን ዘይት ነው፤ ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ነው የሚናገረው። "አሮጌ መኪና ናት፣ ወፍራም ይሻላታል" ብለው 20ደብልዩ-50 ሊሸጡልኝ የሞከሩ አሉ። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተር ሲነሳ ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። ሞተር ደግሞ የሚበላው በብዛት በዚያች ሰዓት ነው። ዘይት የምትጨርስ፣ ጭስ የምታወጣ መኪና ከሆነች ሌላ ነገር ነው፤ የእኔ አትጨርስም።

መቼ ይቀየር በሚለውም ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ጋሎኑ ላይ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለተጻፈ እስከዚያ የሚጠብቅ አለ። ያ ግን ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ነው። እኔ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት 3 ኪሎ ሜትር ነው የምነዳው። ሞተሩ ሳይሞቅ ደርሻለሁ። በዚያ ላይ የበጋውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ አቧራ ጨምሩበት። እንዲህ ላለው ኑሮ 5 ሺህ ነው ልኩ። የአየር ፊልትሮውን ግን ቤቱን ከፍቶ ለማየት መካኒክም አያስፈልግም፣ የእኔ መኪና በእጅ ይከፈታል። ልጄ ተምራዋለች፣ በየወሩ እሷ ናት የምታየው።

ስለ ራዲያተር አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። እዚህ ከተማ ሰዉ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ ይነዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ 100 አይጠብቅም። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ክዳኑ ከላላ፣ ውስጡም ተራ ውሃ ከሆነ፣ መኪናዋ በሚያዝያ ፀሐይ ስትግል አይፍረዱባት። ተራ ውሃ ውስጡን ያዝጋል ደግሞ። ለራዲያተር ተብሎ የተሠራው ፈሳሽ፣ ኩላንት፣ ውድ ነው ይባላል። በሙቀት የላይኛው ክፍሉ (ቴስታታው) ከተጣመመ ሞተር ጥገና ጋር አስተያዩት እንጂ።

"ለሰርቪስ አዲስ አበባ ነው የምወስዳት" የሚሉ ጓደኞችም አሉኝ። መኪናቸው አዲስ ስለሆነች ዋስትናዋ እንዳይፈርስ ከሆነ ይገባኛል። ለዘይት ለውጥ ግን 560 ኪሎ ሜትር መሄድ? መንገዱ እንደልብ በማይሆንበት በዚህ ጊዜ? ደግሞ ሰርቪስ ያላደረገች መኪና ይዞ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ መውረድ አለ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሁለት ዓመት ካለፈው እዚሁ ባሕር ዳር ይቀየር፣ ከዚያ ጉዞ።

ለካምቢዮና ለመሪ ሥራ፣ በኮምፒዩተር ለሚታይ ችግር ትልቁ ጋራዥ ይሻላል፤ መሣሪያው እዚያ ነው ያለው። ተራ ሰርቪስ ግን መሣሪያ አይደለም የሚፈልገው፣ ታማኝነት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጋዜጣችሁን ጋራዥ ባለቤቶችም፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰዎችም ያነባሉ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝሩን ከነዋጋው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ጋራዥስ? የዘይት ለውጥ፣ የካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ የእጅ ዋጋ በአንድ ሰሌዳ በሩ ላይ ቢጻፍ ምን ይጎዳል? ሥራው ሲያልቅ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የተቀየረው ዕቃ በአንዲት ወረቀት ይሰጥ። አሮጌው ዕቃ በፌስታል ይመለስ። ይህ ገንዘብ አይፈልግም። በተለይ ለእኛ ለሴቶች "ባልሽን ላኪው" ከመባል ያድነናል። ተብያለሁ፣ ሁለት ቦታ።

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ የተከፈተባት ከተማ ናት። የእጅ ሙያ ለዚች ከተማ እንግዳ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ሰልጣኞች ቅዳሜ ቅዳሜ በመምህራቸው ፊት የነዋሪውን መኪና ዘይት ቢቀይሩ፣ እነሱ እጃቸውን ያፍታታሉ፣ እኛም በትንሽ ዋጋ እንገለገላለን። አስተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል እንዲህ የሚታየኝ፣ ግን የሚቻል ነገር ነው።

አንድ ቀረኝ። የተቃጠለው ዘይት የት ነው የሚሄደው? አባይ ማዶ ያለው ልጅ በርሜል አለው፣ እዚያ ያጠራቅማል። ሌላ ቦታ ግን ከመኪናው ስር ወደ ቦዩ ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ያ ቦይ ወደ ጣና ነው የሚወርደው። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተዘርግቶ ደንገሉ ሥር ሲጠጋ ሐይቁ ዳር የሚሄድ ሰው ሁሉ ያየዋል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው ሐይቅ ነው። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ስለዚህ ሰርቪስ ከመስጠቴ በፊት አሁን "በርሜል አላችሁ?" ብዬም እጠይቃለሁ። አንባቢዎችም ይህችን ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። አስር ሰው በተከታታይ ከጠየቃቸው በርሜል መግዛታቸው አይቀርም።

የእኔ ቆጣሪ 136 ሺህ ሊሞላ 300 ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ፊልትሮውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ማርከሩም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ከባሕር ዳር