ማሚቶን ልብስ ማልበስ፦ የፊልም ክበባችን አንድ ዓመት

"ቲቸር፣ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጌ ነበር። ግን ይሄ ነገር የሚወልቀው በየት በኩል ነው?"

ጥያቄው የመጣው በመጀመሪያው የልብስ ሙከራ ቀን ነው። ጠያቂዋ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አረንጓዴ ልብስ ውስጥ ገብታለች። ወይን ጠጅ ካባ ትከሻዋ ላይ ተሰፍቷል። ጓንቱ ከእጅጌው፣ ጭምብሉ ከአንገትጌው ጋር ተያይዟል። ዚፕ የለም። ቁልፍ የለም። አስመስለን የሰፋነው ሥዕል ላይ ዚፕ ስላልነበረ ማናችንም አላሰብነውም። ጀርባውን የሰፋነው ደግሞ እሷ ከገባችበት በኋላ ነው። ሦስት ልጆች በመቀስ አወጧት። እሷ በሰዓቱ ደረሰች፤ ልብሱ ግን አልተረፈም።

ለማታውቁት፣ ማሚቶ ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔት የመጨረሻ ገጾች ላይ የወጣች የኮሚክ ጀግና ናት። የሰማችውን ድምፅ ሁሉ አጠራቅማ መልሳ ትለቀዋለች። ዘንድሮ ክበባችን ከስምንቱ የሥዕል ገጾች የዘጠኝ ደቂቃ ፊልም ለመሥራት ተነሳ። ሃያ ሁለት አባላት ነበሩን፤ ረቡዕ ረቡዕ ከክፍል በኋላ እንገናኝ ነበር። የኮሚቴ ምርጫውና ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ስላለ እዚህ አልደግመውም። የማወራው ስለ ልብሱ ነው። ዓመቱን የበላው እሱ ነው።

ከጥፋቴ ልጀምር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለልጆቹ "ደማቅ ቀለም ለወረቀት ነው፤ ፊልም ጥቁር ይፈልጋል" ብዬ ነበር። ማስረጃዬ ኤክስ-ሜን የተባለው የኮሚክ ጀግኖች ቡድን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የቡድኑ አባል ዎልቨሪን በ1974 ኮሚክ ላይ ከወጣ ጀምሮ የሚታወቀው በቢጫ ልብሱ ነው። በ2000 ፊልሙ ሲወጣ ግን ቡድኑ በሙሉ ጥቁር ቆዳ ለበሰ። ዎልቨሪን ስለ ልብሱ ሲነጫነጭ ጓዱ ሳይክሎፕስ "ታዲያ ቢጫ ታይት ይሻልህ ነበር?" ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ያኔ እኔም ስቄያለሁ። ቢጫ በእውነተኛ ሰው ላይ ያስቃል፣ አለቀ ብዬ አስተማርኩ።

አንዷ ሠዓሊያችን እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ በ2024ቱ ፊልም ላይ እኮ ቢጫውን ለብሷል። ያው ሰውዬ ነው።" ልክ ናት። ተዋናዩ ሂው ጃክማን ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ቢጫውን ለብሶ መጣ። እኔ ግን ትምህርቴን አላደስኩም ነበር።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን የሱፐርማን ቀይ ፓንት ነው። አዎ፣ ከሱሪ በላይ የሚለበሰው። ሁለት ረቡዕ ሙሉ ፈጀብን፤ ግማሹ ሳቅ መሆኑን አልደብቅም። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 ሱፐርማንን ሲያወጡ፣ ጉልበተኛ ሰው ሲባል ሕዝቡ የሚያውቀው የሰርከሱን ብረት አንሺ ነበር። እሱ ደግሞ ከታይቱ በላይ ቁምጣ ይለብሳል። ሌላው ምክንያት ማተሚያው ነው። ወረቀቱ ርካሽ፣ ቀለሙ ጥቂት። ሰውዬው ከጀርባው ካለው ሕንፃ ተለይቶ እንዲታይ ቀይና ሰማያዊው መጮህ ነበረበት። ግዙፉ የኮሚክ ጀግና ሃልክም በ1962 በመጀመሪያ እትሙ ላይ ግራጫ ነበር። ግራጫው ከገጽ ገጽ አልስማማ ሲላቸው ከሁለተኛው እትም ጀምሮ አረንጓዴ አደረጉት። ሰውዬው አረንጓዴ የሆነው ታሪኩ እንደሚለው በጨረር ሳይሆን በማተሚያ ቤት ነው ማለት ነው።

የ2013ቱ የሱፐርማን ፊልም ፓንቱን አስወልቆ ሰማያዊውን አጨለመው። በ2025 ደግሞ ፓንቱ ተመለሰ። የተመለሰበትን ምክንያት ዳይሬክተሩ ጄምስ ጋን ሲናገር፣ ያሳመነው ተዋናዩ ዴቪድ ኮረንስዌት መሆኑን ገልጿል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከዓይኑ ጨረር የሚተፋ፣ የሚበር፣ ምንም የማይጎዳው ሰው ልጆች እንዳይፈሩት ይፈልጋል። ታዲያ ምን ቢለብስ ነው የማያስፈራው? ትንሽ የሚያስቅ ነገር።

የኔ ክርክር እዚያ ላይ ወደቀ። ጥያቄው "ቀለሙ ለካሜራ ይሆናል ወይ?" ከሚለው ወጥቶ "ማሚቶ ማንን ላለማስፈራት ነው የምትለብሰው?" ሆነ። አንድ ልጅ መልሱን ከኮሚኩ ገጽ ሦስት ላይ አገኘው። ማሚቶ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ የጠፉ ሕፃናትን የምታገኘው የራሳቸውን ለቅሶ እየመለሰችላቸው ነው። አስቡት፤ በጨለማ የራስህ ለቅሶ ወደ አንተ ሲመጣ! በዚያ ላይ ጥቁር ለብሳ ብትመጣ ልጁ ደንግጦ ይሞታል። ድምፅ ተሰጠ። ወይን ጠጁ ካባ በ16 ድምፅ አሸነፈ። ጥቁሩ 5 አገኘ፤ አንዱ የኔ ነው። አንድ አባል ቀርቶ ነበር።

ማሚቶን ማን ይጫወታት የሚለው ቀላል መስሎን ነበር። ሥዕሉ ላይ ረዥምና ትከሻ ሰፊ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የመረጥናት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቿን ነበር፤ ያቺን በመቀስ የወጣችውን። ሐሳባችንን ያስቀየረን አንድ ልምምድ ነው። በ1978ቱ የሱፐርማን ፊልም ክሪስቶፈር ሪቭ በሚወዳት በሎይስ ሌን ቤት ውስጥ ክላርክ ኬንትን፣ ሱፐርማን ማንነቱን የሚደብቅበትን ተራ ሰው፣ ሆኖ ቆሟል። እውነቱን ሊነግራት ያስባል። መነጽሩን ያወልቃል፣ ጀርባውን ያቃናል፣ ድምፁ ይወፍራል። ከዚያ ሐሳቡን ይለውጥና ተመልሶ ይጎብጣል። የለበሰው ያንኑ ኮትና ክራባት ነው። ሱፐርማን ግን ለጥቂት ሰከንድ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ትዕይንቱን ደጋግመን አየነው። ከዚያ አባላቱ በሙሉ ተራ በተራ ወጥተው ልብስ ሳይቀይሩ ሁለት ሰው እንዲሆኑ አዘዝኩ።

ብዙዎቹ ደረታቸውን ነፉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን፣ ዓመቱን ሙሉ ስሟን ስትጠራ እንኳ የማይሰማት፣ ወጥታ ዝም አለች። አንገቷን ሰበረች። ቀጥሎ ቀስ ብላ ቀኝ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን! ምንም የለም። ማሚቶ ተገኘች። ቁመቷ ከሥዕሉ ጋር አይገጥምም የሚል ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። የኮሚኩ ዎልቨሪን 1 ሜትር ከ60 ሴንቲ ነው፤ ሂው ጃክማን ከ1 ሜትር ከ85 ይበልጣል፤ ይኸው ሃያ ዓመት አልፎታል ተብሎ ተዘጋ። ረዥሟ ልጅ ካሜራ ያዘች። ከሰው ጭንቅላት በላይ የምትቀርጽ ሰው ለካስ በጣም ታስፈልገን ነበር።

አንገትጌው ሌላ ጣጣ ነው። ሥዕሉ ላይ እንደ ድምፅ ማጉያ አፍ ወደ ጆሮ የሚከፈት ትልቅ አንገትጌ አለ። ከስፖንጅ ሠርተን በማስቲሽ አጣበቅነው፤ ቆንጆ ሆነ። ልጅቷ ግን ወደ ጎን መዞርም ወደ ታች ማየትም አልቻለችም። በልምምድ ላይ የመድረኩን ደረጃ ስትወርድ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሳታያቸው ቀረች። ጉልበቷ ተላጠ። አገጯን ያዳነው ያው ስፖንጅ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ልብሱን ቆማ ብቻ ሞክረነው ሳለ ለብሳው እንድትራመድ አደረግኩ።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በ1989ኙ የባትማን ፊልም የማይክል ኪተን ጭምብልና ካባ አንድ ላይ የተያያዘ ጎማ ስለነበር አንገቱን ማዞር አይችልም። ጎኑን ለማየት ከወገብ በላይ ሙሉ ሰውነቱን ያዞራል። ያ አዟዟር ራሱ የባትማን መለያ ሆነ፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ሐውልት ይዞራል። በ2008ቱ ፊልም የራስ ቁሩ ከአንገቱ ተለየ። ይህንንም ታሪኩ ውስጥ አስገቡት፤ ባትማን የሆነው ብሩስ ዌይን ራሱ አንገቱን ማዞር እንደሚፈልግ ለልብስ ሠሪው ይናገራል። እኛ ከሁለቱም ወሰድን። አንገትጌውን ከፊት ቆረጥነው፣ ደረጃው ይታይ። ከጎን ተውነው። ማሚቶ ድምፅ ስትሰማ በዓይኗ አትፈልግም። ሙሉ ሰውነቷን ይዛ ጆሮዋን ወደዚያ ታዞራለች። በሙከራው ቀን መስኮቱን እንዳሳየችን።

ስለ ጭምብሉ አጠር አድርጌ ልናገር። ወረቀት ላይ ጭምብል ማንንም አይጎዳም፤ ሠዓሊው የጭምብሉን ዓይን እንደፈለገ ያጠበዋል፣ ያሰፋዋል። ካሜራ ፊት ግን ሙሉ የተሸፈነ ተዋናይ የቆመ ጆንያ ነው። አይረን ማን በ2008 ካሜራውን ራስ ቁሩ ውስጥ አስገብቶ የሮበርት ዳውኒን ፊት አሳየን። ስፓይደርማን በ2016 በካፒቴን አሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲመጣ የጭምብሉ ዓይኖች ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። እኛ ኮምፒውተሩም ገንዘቡም የለንም፤ መቀስ አለን። ከአፍንጫ በታች ያለውን ቆረጥነው። ድምፅ የምታወጣ ጀግና አፏ ተሸፍኖ መሳሏ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ስምንት ገጽ ሙሉ ሳናስተውለው አሳትመነዋል!

አረንጓዴው ልብስ ትልቁን ሳቅ የፈጠረው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው። የበረራውን ትዕይንት ለመቅረጽ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ሰቀልን። ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን አጥፍቶ ሰማይ ያስገባል። አስገባ። አንድ ጭንቅላት፣ ሁለት ጓንትና አንድ ካባ ደመና ውስጥ ሲበሩ አየን። ገላ የለም። ለአስር ደቂቃ ሥራ ቆመ፤ መሬት ላይ የተንከባለሉም ነበሩ። የ2002ቱ ስፓይደርማን ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር፦ ቀይና ሰማያዊ የለበሰውን ስፓይደርማንን አረንጓዴ ፊት፣ ጠላቱን አረንጓዴውን ጎብሊንን ደግሞ ሰማያዊ ፊት ቀረጹ። እኛም ሰማያዊ አንሶላ አመጣን። አንሶላው እስካሁን አልተመለሰም፤ ባለቤቷ ይህን ስታነብ ይቅርታ ታድርግልን።

ከሁሉ የምኮራበት ግን ማንም ሰው ከሩቅ የማያየው ነገር ነው። አዲሱን ልብስ በቅርብ ስንቀርጸው ተራ ቱታ መሰለ። ቱታም ስለሆነ። ሥዕል ላይ አረንጓዴ ማለት አረንጓዴ ነው። ካሜራ ሲጠጋ ግን ጨርቁ መናገር አለበት። ያኔ አፍሪካዊውን ጀግና ብላክ ፓንተርን አነሳን። በ1966 ኮሚክ ላይ ሲወጣ ልብሱ እንዲሁ ጥቁር ነበር። ለ2018ቱ ፊልም የአልባሳት ዲዛይነሯ ሩት ካርተር በላዩ ላይ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች አስወጣችበት፤ የአፍሪካ ጥበብ ውስጥ ደጋግመው የሚታዩ ቅርጾች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ ፊልም አልባሳት ኦስካር ስትቀበል፣ በዘርፉ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ጀግናው ከየት እንደመጣ ሳይናገር ልብሱ ይናገርለታል።

ማሚቶ ከየት መጣች? ከድምፅ። ሁለት ልጆች የተዋናይዋን ድምፅ ስልክ ላይ ቀዱ። ስሟን ስትናገር የሚወጣውን የድምፅ ሞገድ መስመር ከስክሪኑ ላይ በወረቀት ገለበጡ። ከዚያ ያንን መስመር ከደረት እስከ ክርን በጥቁር አረንጓዴ ክር ሰፉት። በእጅ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሁለት መርፌ ተሰበረ። ፊልሙ ላይ ጎልቶ የሚታየው ለአራት ሰከንድ ያህል ነው። ልጅቷ ግን ያንን እጅጌ ለብሳ ስትቆም አቋቋሟ ይለያል። የራሷን ስም ነው የለበሰችው።

በኮሚኩ ማሚቶ የራሷ ቃል የላትም ነበር፤ የሌሎችን ብቻ ትመልሳለች። በፊልም ይህ ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ያሰለቻል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የራሷ እንዲኖራት ተስማማን። ምን ትበል በሚለው ላይ ግን ደራሲዎቹ ለአስራ አምስት ቀን ተኳርፈዋል። ያሸነፈው አጭሩ ነው፦ "ሰምቼሃለሁ።"

ወደ ዚፑ ልመለስ። አዲሱ ልብስ ዚፕ አለው፤ ከጀርባ። ትምህርቱ ገብቶናል። ችግሩ፣ የለበሰችው ልጅ ብቻዋን ልትዘጋው አትችልም። ወደ ጎን እናዙረው ስንል የተሰፋውን ሞገድ ሊቆርጠው ሆነ። እንደዚሁ ስንጨቃጨቅ የካሜራ ባለሙያዋ "ታዲያ ቤት ማን ይዘጋላታል?" አለች። ማንም አልመለሰም። በማግስቱ ደራሲዎቹ አዲስ የመክፈቻ ትዕይንት ይዘው መጡ። ማሚቶ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ታናሽ ወንድሟ በርጩማ ላይ ወጥቶ ዚፑን ይዘጋላታል።

አስራ አንድ ጊዜ ቀረጽነው። ዚፑ በየጊዜው ትከሻ አጥንቷ ጋ ሲደርስ ይነክሳል። ፊልሙ ውስጥ ያስገባነው ዘጠነኛውን ነው። ወንድሟን ሆኖ የተጫወተው ልጅ ከእውነቱ ተናዶ "ትንፋሽሽን ዋጪ!" ይላታል። እሷም ትውጣለች።